ለአጀብ የሚዘጋ መንገድ ለስፖርት ለምን አይዘጋም?

አገራችን የዳገት አገር ናት። ከቦርደዴ ቆላ ተነስቶ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፎ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የወጣ ሹፌር ይህን ከኛ አይማርም። ዳገቱን ለስፖርት እናውለው የሚል ባለሥልጣን ግን አላየንም። በ1960ዎቹ "የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ" የሚባል ውድድር የነበራት አገር፣ ዛሬ የመኪና ክለብ ሲነሳ "የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው" ብላ ታልፈዋለች። ጎረቤታችን ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውን ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳዋለች።

የዳገት ውድድር ጎን ለጎን መጋፋት አይደለም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው ውድድር 156 መታጠፊያ አለው። ለእኛ ፌራሪ አያስፈልገንም፤ ፍሬኗ የሚይዝ የአባት ቮልስም ትበቃለች።

ታዲያ ክለቦችም "መንገዱን ልቀቁልን" ብቻ ማለት አይችሉም። ዋናው መንገድ የሐረርና የድሬዳዋ የደም ሥር ነው። ሕዝቡ "አልቃይዳ" ያለው አይሱዙ ይከንፍበታል፤ ግመልና ፍየል ይሻገረዋል፤ ወላድ የያዘ አምቡላንስ ያልፍበታል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ ዋናው መንገድ አይነካ! መኪኖቹ ቦርደዴ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ፍሬን፣ ጎማና ቀበቶ ይፈተሹ። ውድድሩ ግን ከዋናው በተገነጠለ ዳገት ላይ፣ ነዋሪው ተጠይቆና ተስማምቶ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ1957 በጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያ ውድድር አንድ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ዳር የቆሙ 9 ተመልካቾችን ገደለ። 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። በመኪናው የነበሩት ሁለቱም ሞቱ፤ የሚሌ ሚሊያ የፍጥነት ውድድርም በዚያው አበቃ። የእኛ አገር ሕፃን ደግሞ መኪና ሲያይ የሚሮጠው ወደ መንገዱ ነው። ስለዚህ በየመታጠፊያው ባንዲራና ሬዲዮ የያዘ ሰው ይቁም። ተመልካች ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንጂ ከመታጠፊያው ውጭ አይቁም። አምቡላንስና እሳት ማጥፊያ ሳይኖር አንድም መኪና አይነሳ። ከየዙሩ በኋላ መንገዱ ለባላገሩ ይከፈት። የመድን ውል ብዙ ጊዜ ውድድርን አይሸፍንምና ክለቡ ውሉን ገልጦ ያንብብ።

ይህን ሁሉ ያሟላ ክለብ ወዴት ይሂድ? ፖሊስ "ከትራንስፖርት ደብዳቤ አምጣ" ይላል፤ ትራንስፖርት ወደ ስፖርት ቢሮ ይልካል፤ ስፖርት ቢሮ ወረዳውን ጠይቅ ይላል፤ ወረዳው "ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም" ይላል። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ማኅበር መመሥረትን ቀና አድርጎ ነበር። ተመሥርቶስ? ደብዳቤ ይዞ መንከራተት ነው! የባለሥልጣን አጀብ ሲያልፍ ግን ማንም ሳይጠየቅ፣ ማንም ሳይነገረው መንገድ ይዘጋል።

እኛ የምንለው አጭር ነው። አንድ ቢሮ ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን ይጻፍ። በሕግ የተከለከለ ወጣት በሌሊት አስፋልቱ ላይ መሽቀዳደሙ አይቀርም። ያኔ ሬሳ ተነስቶ መግለጫ መስጠት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል! ይታሰብበት!