«አለ» እያለ ነጠላ ሰረዝ ምን ትሠራለች?

በልቦለዶችና በትርጉም ሥራዎች ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ በዝታብናለች። እንዲህ እየተባለ ይጻፋል፦

«ነገ እመጣለሁ፣» አለ።

ከእንግሊዝኛ እንደመጣች ለማወቅ መመራመር አያስፈልግም። የምንቃወማት ግን እንግዳ ስለሆነች አይደለም፤ ትእምርተ ጥቅሱም ራሱ እንግዳ ነው። የምንቃወማት ሥራ ፈት ስለሆነች ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአማርኛ «አለ» የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ጥቅሱ ደግሞ «ምን አለ?» ለሚለው መልስ። ምን በላ? እንጀራ በላ። በ«እንጀራ» እና በ«በላ» መካከል ሰረዝ የሚያስገባ ሰው አይተን አናውቅም። ታዲያ በጥቅሱና በ«አለ» መካከል ለምን? አራት ነጥብም እዚያ ቦታ የላትም፤ ገና ያላለቀውን ዓረፍተ ነገር ትዘጋዋለች። ጥያቄ ምልክት ግን የንግግሩ ድምፅ ነውና ይቆይ፦ «ትመጣለህ?» አለችው።

የአማርኛ ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። በግእዝ «ይቤ» ብዙውን ጊዜ ከንግግሩ ይቀድማል፤ ንግግሩ የት እንደሚጀምር ይታወቃል። የእኛ «አለ» ግን ከኋላ ነው የሚመጣው። የት እንዳለቀ ይነግረናል፤ የት እንደጀመረ አይነግረንም። እስቲ ይህችን አንብቧት፦

ዳኛው ሌባ ነው አለ።

ሌባ የተባለው ማን ነው?

«ዳኛው ሌባ ነው» አለ።
ዳኛው «ሌባ ነው» አለ።

በመጀመሪያው ዳኛው ተሰዳቢ ነው፤ በሁለተኛው ተናጋሪ። ቃላቱ አንድ፣ ቅደም ተከተላቸውም አንድ። የተለየው የጥቅሱ መክፈቻ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ልቦለድ ላይ ቢሆን አንባቢ ግራ ተጋብቶ ያልፋል። ጋዜጣ ላይ ሲሆን ግን የሰው ስም ይጠፋል፤ ጸሐፊውም ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ጥቅሱን መዝጋት ለ«አለ» ይተውለት፤ ጥንቃቄያችንን መክፈቻው ላይ እናድርግ። ስልክ ላይ ትእምርተ ጥቅስ መፈለግ ለታከተው ደግሞ ያቺ ሥራ ፈት ሰረዝ ሥራ አላት፦

ዳኛው፣ ሌባ ነው አለ።

አንዲት ሰረዝ ቦታዋን ብታገኝ ዳኛውን ከስድብ ታድነዋለች። ጥቅሱ መጨረሻ ላይ ገትረናት ግን ማንንም አላዳነችም።