ወረደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ እናቴ ነው። «ሌላው እንዳይሳሳት ጻፊው» ብላ ራሷ ፈቅዳልኛለች።

እማዬ የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። አምና ፋሲካን አብረን ከዋልን በኋላ፣ እህቴ ወልዳ ስለነበር እሷን ልታርስ ድሬዳዋ ወረደች። ለአዲስ አበባ ሰው የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ቀላል አይደለም፤ ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ጥቂት ሳምንታት እንደቆየች ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗን ጭልም ያደርጋት ጀመር። ሰፈር ውስጥ ካለ ፋርማሲ ሄዳ ስትለካ 104/62 ሆነ። እዚህ እያለች 130/80 አካባቢ ነበር።

ጎረቤቶቿ «እሰይ፣ ለቀቀሽ! ከእንግዲህ ኪኒን ምን ያደርግልሻል?» አሏት። በስልክ ስትነግረኝ እኔም «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ቃል ነው። መድኃኒቱን መተዋን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ኅዳር ላይ ተመለሰች። ታኅሣሥ ገባና ያ የምናውቀው የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ መጣ። አንድ ማለዳ «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» ብላ ቀሰቀሰችኝ። በቤት መለኪያችን ስለካት 182/104። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ሐኪሙ «እናቴ፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» ሲላት መሬት መሬት አየች። «ወርዶ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ አስረዳን። ሙቀት ሲሆን የቆዳችን ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በላብም ውኃና ጨው ይወጣል። በዚህ ምክንያት ግፊት ዝቅ ይላል። እንደ እማዬ ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊወርድበት ይችላል። ብርድ ሲሆን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ግፊትም ከፍ ይላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ አገር መለስተኛ የደም ግፊት ባለባቸው ከ17,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1982 ታትሞ ነበር። መድኃኒት በሚወስዱትም በማይወስዱትም ሰዎች ግፊቱ በብርዱ ወራት ከፍ፣ በሞቃቱ ወራት ዝቅ ይል ነበር። ልዩነቱ በዕድሜ በገፉት ላይ ይበልጥ ታይቷል።

ወቅት የሚያመጣው ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነጥብ ነው። እማዬን 182 ያደረሳት ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው የመድኃኒቱ መቆም ነው። ሙቀቱ ያደረገው ነገር ቢኖር የዳነች አስመስሎ ማታለል ነው።

ታዲያ ያኔ ምን ማድረግ ነበረባት? ማዞሩ እውነተኛ ምልክት ነበር። እዚያው ድሬዳዋ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ኖሮ መጠኑን ይቀንስላት ወይም ኪኒኑን ይቀይርላት ነበር። መቀነስም መጨመርም የሐኪም ሥራ ነው፤ የጎረቤትም፣ በስልክ «እንኳን ደስ ያለሽ» የምትል ልጅም ሥራ አይደለም።

አሁን ቤታችን አንድ ደብተር አለ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን እንጽፍበታለን። ከመለካቷ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጣም፤ አምስት ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ከብርድ እንደገባች አንለካትም፤ ትንሽ ሞቅ እስኪላት እንጠብቃለን። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ደብተሩን ነው። አንዲት ቀን ከምትናገረው ይልቅ የወራቱ ቁጥር ብዙ ይነግረዋል።

ሚያዝያ ላይ የልጅ ልጇ አንድ ዓመት ሊሞላው ነውና እንደገና ድሬዳዋ ልትወርድ ተዘጋጅታለች። ሐኪሟ አስቀድሞ ያውቃል፤ እዚያ ሆና ምን ስታይ ወደ ሕክምና መሄድ እንዳለባትም ነግሯታል። ሻንጣዋ ውስጥ መጀመሪያ የገባው መድኃኒቷ፣ ቀጥሎ ደብተሩ ነው።

እናንተም ለወላጆቻችሁ ስትደውሉ «ግፊትሽ ስንት ሆነ?» ብላችሁ አታብቁ። «መድኃኒቱንስ እየወሰድሽ ነው?» በሏቸው። እኔ ያልጠየቅኋት ይህንኑ ነበር።