ገመድ የዘረጋ ሁሉ ግብር አይጥልም

አዋሽ ሰባት ኪሎ ያደረን የከባድ መኪና ሾፌር ስለ ኬላ ብትጠይቁት እስኪነጋ ያወራችኋል። ጭነቱ ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ ገብቷል፤ ሰመራን፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፏል። ጉምሩክ የሚያስከፍለው ቀረጥ ሕግ እንዳለው ያውቃል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፦ በሀገሪቱ መንገዶች በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ «የኮቴ» እየተባለ የሚጠየቀው ገንዘብ። አንዳንዱ ደረሰኝ አለው፣ አንዳንዱ የለውም።

ደረሰኝ ስላለው ብቻ ግን ሕጋዊ አይሆንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣንን በዝርዝር ነው ያከፋፈለው። በአንቀጽ 96 መሠረት የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ነው። አንቀጽ 97 ለክልሎች የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የገበሬውን የገቢ ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴውን ግብር፣ እንዲሁም ራሳቸው ለሰጡት ፈቃድና አገልግሎት የሚያስከፍሉትን ይሰጣል። አላፊ ጭነትን መቅረጥ እዚያ ውስጥ የለም። ለአገልግሎት ነው ከተባለ አገልግሎቱ ይታይ፤ ማቆሚያው፣ ጥበቃው፣ መጸዳጃ ቤቱ የት አለ? ገመድ አውርዶ ማሳለፍ አገልግሎት አይደለም። ያቺ ገንዘብም ከሾፌሩ ኪስ ወጥታ አትቀርም፤ በዘይቱና በስኳሩ ዋጋ ላይ ተደምራ ድሃው ቤት ትገባለች።

ይህን ስል የጅቡቲው መንገድ የሚያልፍበት የአፋር ክልል ጥያቄ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፤ ያውም ከባድ ጥያቄ። ከሀገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ ይተላለፋል፤ ዋናው የመኪና መንገድም አፋርን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ግመሉ የሚገጨው የአርብቶ አደሩ ነው። በአዋሽ ዳርቻ ግጦሹን ለሰፋፊ እርሻ የለቀቀውም እሱ ነው። ቀረጡ ግን በቀጥታ ፌዴራል ካዝና ይገባል፤ ክልሉ በቀመር የሚከፋፈለውን ድጎማ ይጠብቃል።

እኔ በክልሉ መዲና በሰመራ ባለሥልጣን ብሆን ሙግቴን የማነሳው እዚህ ላይ ነበር። በአንቀጽ 62 የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሀገር ጭነት ማሳለፊያ መሆን የሚያስከትለው ጉዳት በቀመሩ እንዲቆጠርለት አፋር በሙሉ ድምፁ መጠየቅ አለበት። አዲስ ግብር ያስፈልጋል ከተባለም በሩ አልተዘጋም። ለማንም ተለይቶ ያልተሰጠን ግብር ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑበት አንቀጽ 99 ይደነግጋል። በ2015 ዓ.ም. የንብረት ታክስ ለክልሎች እንዲሆን የተወሰነው በዚሁ መንገድ ነው። ለከተማ ቤት የተሰበሰቡ ምክር ቤቶች ለአዋሽ መንገድ የማይሰበሰቡበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ገመዱ ይነሳ። ከተሞቹ ጥላና ጥበቃ ያለው የመኪና ማደሪያ ሠርተው ያስከፍሉ፤ ታሪፉን በር ላይ ይለጥፉ፤ ማደር ያልፈለገ ሾፌርም ሳይከፍል ይለፍ።