የ70 ዓመት አባት ለልጃቸው ጉበት ይስጡ?



ልጁ በጉበት በሽታ የተያዘበት አባት «እኔስ ኖሬአለሁ፣ የእኔን ስጡልኝ» ቢል አይገርምም። ገሱባም ይሁን ሶዶ፣ ወላጅ ለልጁ የሚሳሳለት ነገር የለም። አባት 70 ዓመት ከሆናቸው ግን እሺ ይባላል ወይ? እኔ «አይባልም» ባይ ነኝ።

«ውጭ አገር የ80 ዓመት ሰው ጉበት ይተከል የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ይተከላል፣ በደንብም ይሠራል። ጉበት እንደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ቶሎ አያረጅም። ስብ ካልበዛበት፣ ካልጠነከረና ሳይቆይ ከተተከለ በዕድሜ ብቻ አይጣልም።

ልብ በሉ፦ እነዚያ ለጋሾች ሕይወታቸው ያለፈ ነው። ስለዚህ በመስጠታቸው የሚጎዱት ነገር የለም።

በሕይወት ያለ ሰው ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለያል። ታካሚው አዋቂ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከለጋሹ ጉበት ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ይወሰዳል። የቀረው መልሶ ያድጋል፤ ይህ አቅም ግን ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፣ ቀዶ ሕክምናውን መቋቋምም ይከብዳል። ለዚህ ነው ብዙ ማዕከላት 55 ወይም 60 ዓመት ላይ የሚገድቡት። አልፎ አልፎ ከዚያ በላይ የሚቀበሉ ቢኖሩም፣ አንዱን ለማዳን ሁለቱን ማጣት አለ።

እኛ አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚሠራው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። ለጉበት ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰውም ብዙ ጊዜ ዘመዱን ለጋሽ አድርጎ ይዞ ነው። የአዛውንቶች ጉበት የሚጠቅመን ከሞት በኋላ የመለገስ ሥርዓት ሲኖረን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዓይን ብሌን ከሞት በኋላ እየተለገሰ የብዙዎች ዓይን በርቷል። ስለ ጉበትም መነጋገር ብንጀምር ጥሩ ነው እላለሁ።

እስከዚያው አባት ይህን ያድርጉ፦

👉 ራስዎም ቤተሰብዎም ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ቫይረሱ በአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ ሊይዝ ይችላል።
👉 ነጻ የሆነ ሰው ይከተብ። ክትባቱ ለሕጻናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ በ2007 ስለሆነ ብዙ አዋቂ አልተከተበም።
👉 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሳያመው ክትትል ይጀምር።

ልጅን ለማዳን ጉበት መስጠት ብቻ አይደለም መንገዱ፤ ቀድሞ ማስመርመርም ስጦታ ነው።

ለወላጆችዎ ያጋሩ። መልካም ጤና!