«ምሳህን ለማንም እንዳታቀምስ!» እያሉ ማካፈልን ማስተማር ምን ይሉታል?

ጎበዝ! ቦሌን የሚያውቅ አፀደ ሕፃናቱን ያውቃል። ከመድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ ሰሚት አጥሩ ላይ ሚኪ ማውስ ያልተሳለበት መንደር ማግኘት ይቸግራል። ግድግዳው በቀለም አብዷል፤ ክፍያው ወላጅን ያሳብዳል። በሩ ላይ ስለ ፍቅርና ስለ ጓደኝነት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እሰየው! መፈክር መቼ ቸገረንና! ለመሆኑ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሕፃኑ ምን ይማራል?

ስሙ ለጊዜው ይቆየንና፣ አንዱ አፀደ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጆችን በምሳ ሰዓት ለየብቻ አስቀምጦ «ከጓደኛህ ምሳ ዕቃ እንዳትነካ፣ ለማንም እንዳታቀምስ!» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን? ቢባሉ «ለንጽሕና ነው» አሉ። ለንጽሕና ከሆነ እጅ ማስታጠብ ምን ገደለ? ምግብ የማይስማማው ልጅ ካለም እሱን ለይቶ መጠበቅ ነው እንጂ ሁሉንም ብቸኛ በላተኛ ማድረግ ምን አመጣው? ያውም ባንድ መሶብ ቀርቦ፣ ተጎራርሶ ባደገ ሕዝብ አገር!

የሚያስቀው ከምሳ በኋላ ያለው ነው። መምህሯ በሥዕል ያሸበረቀ የውጭ መጽሐፍ ትገልጣለች። ፀጉረ ቢጫው ልጅ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን ለጓደኛው ሲያውስ ይታያል። ከዚያ «ሼሪንግ ኢዝ ኬሪንግ በሉ!» ይባላል። ሕፃናቱ እንደ በቀቀን ይደግማሉ። በረዶውን አያውቁት፣ ቋንቋውን አያውቁት፤ የሚያውቁትን ምሳ ዕቃ ደግሞ እንዳያካፍሉ ተከልክለዋል። አበስኩ ገበርኩ!

ዓመቱ ሲያልቅ የባሰው ይመጣል። ገና ሱሪውን በወጉ መታጠቅ ያልቻለ ልጅ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። አንደኛ የወጣው ይሸለማል፣ ሃያኛው አንገቱን ይደፋል። ጓደኛውን እንደ ተፎካካሪ እንዲያይ አድርገን ካሳደግነው በኋላ «ተዋደዱ» ብንለው ማን ይሰማናል? እኛስ ወላጆች ብንሆን ቤት ውስጥ «ብልጥ ሁን፣ እንዳትሞኝ» ከማለት ሌላ ምን መክረናል?

የሥዕል መጽሐፍን ነገር እንደ ቅንጦት የሚያየው ብዙ ነው። ተሳስቷል! ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ ስብከት አይገባውም፤ ፊት ግን ያነባል። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ከንፈሩን ጥሎ ሲያይ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ትልቁ ሰው መልሶ «አንተስ ምን ይመስልሃል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ትምህርቱ ያለው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው። ልጁ የሌላውን ሆድ መባስ በራሱ ሆድ ሲለካ ማካፈል ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና የራሱ አሳብ ይሆናል። ታዲያ ይህ እንዲሆን ሥዕሉ የሚያውቀውን ዓለም መምሰል አለበት።

ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ታሪኩ በየኮንዶሚኒየማችን ግቢ ሞልቷል። ባያት ይሁን በቦሌ አራብሳ ባለኳሱ ልጅ ሲያኮርፍ ኳሱን ታቅፎ ወደ ፎቁ ይወጣል፤ ጨዋታው ይፈርሳል። ታች አስር ልጅ ቆሞ ይቀራል፤ ላይ ደግሞ ባለኳሱ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ይጫወታል። ከዚህ የተሻለ ስለ ጓደኝነት የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ሠዓሊው የት ነው? አሳታሚውስ?

አይቻልም የሚለን ካለ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሾላ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ሲጠፋ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነሥዕሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች ላኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አላቸው። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡም ከባለቤታቸው ጋር ፀሐይ የተባለችውን የስድስት ዓመት ቀጭኔ በአማርኛ እያናገሩ በቴሌቪዥን አሳዩን። ጥቂት ሰዎች ይህን ከሠሩ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚሰበስበው ትምህርት ቤት ምን ሠራ?

የከተማው አስተዳደር አዲስ አበባን ልጆችን ለማሳደግ ከአፍሪካ የተመረጠች ከተማ አደርጋለሁ ብሏል። ቃሉ ያማረ ነው። ግን ልጅ በዥዋዥዌ ብቻ አያድግም! በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ደስ ብሎናል። ሆኖም የሰሚት እናት ሕፃን ታቅፋ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ ስትጋፋ ትዋል? መጽሐፉ ወደ ሰፈር ይምጣ እንጂ! የዓለም ባንክ ካሥር ዓመት ኢትዮጵያውያን ልጆች መቶው እጅ ዘጠናው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ብሏል። ይህ ቁጥር እንቅልፍ ካልነሳን ምን ይነሳናል?

ስለዚህ የሚመለከተው ሁሉ ይስማ። ትምህርት ቢሮ ሆይ፣ ለሕፃናት ደረጃ ማውጣትን አስቁም፤ ፈቃድ ስትሰጥ ሽንት ቤቱን ብቻ ሳይሆን በልጁ ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ስንት የተረት መጽሐፍ አለ ብለህ ቁጠር። ባለትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ከዓመቱ ክፍያ ጥቂቱን ላገር ደራሲና ሠዓሊ አውሉ። ወላጅ ሆይ፣ ለልደት ኬክ ያልሰሰትከውን ለመጽሐፍ አትሰስት፤ ማታ ስልክህን አስቀምጠህ አስር ደቂቃ ከልጅህ ጋር ሥዕል ግለጥ።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ አባቶች። ብቻውን እንዲበላ ያስተማርነው ልጅ ነገ አገር ሲረከብ ለማን እንዲያካፍል ነው የምንጠብቀው? ልብ ያለው ልብ ይበል!