በአንድ ሳምንት የሚቆም መንግሥት

የአገር አስተዳደርን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ወጣት፣ ዋናን በደረቅ መሬት ላይ እንደ ተማረ ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በአሜሪካ ይህን ጉድለት ለማቃናት የታሰበው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ሌጂዮን «ቦይስ ስቴት» የተባለውን የክረምት ትምህርት በኢሊኖይ ያቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወቅቱ በአውሮፓ የፋሺስት መሪዎች ወጣቱን በሰልፍና በመዝሙር የሚማርኩበት ስለ ነበር፣ መሥራቾቹ ለዚያ ማርከሻ ፈልገው ነበር። ለሴቶች ልጆችም «ገርልስ ስቴት» በ1937 ዓ.ም. ተከተለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል በአንድ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ በሁለት ፓርቲ ተከፍለው ከከንቲባ እስከ አገረ ገዥ ይመርጣሉ፤ ሕግም ያረቅቃሉ። ጥቂቶቹ ወደ ዋሽንግተን ይላካሉ። በ1963 ዓ.ም. ከአርካንሳስ የተላከ የ16 ዓመት ልጅ በዋይት ሐውስ አትክልት ቦታ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ጨብጧል፤ ልጁም ቢል ክሊንተን ነበር።

ይሁን እንጂ ወጣቶቹ የሚማሩት ምንድን ነው? በ2017 ዓ.ም. የቴክሳስ ልጆች ግዛታቸው ከአሜሪካ እንድትገነጠል ወሰኑ። ይህስ የልጅ ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፍ። የሚቀጥለውን ዓመት ስብሰባ በሚያሳየው፣ በ2020 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ላይ ግን አንድ ተወዳዳሪ በአደባባይ የተናገረው የራሱ እምነት አለመሆኑን፣ ድምፅ ለማግኘት ሲል ብቻ እንደ ተናገረው በግልጽ ያምናል። እኛን ያሳሰበን ይህ ነው። ምርጫው እንዳለቀ ሁሉም ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተመረጠው አገረ ገዥ ግብር አይሰበስብ፣ አቤቱታ አይሰማ፣ በጀት አይፈርም። እንግዲህ ማሸነፍን ተምሮ ማስተዳደርን ሳይቀምስ ይሄዳል ማለት ነው። ጽሕፈት ቤት የገባ ወጣት ሹም ሁሉ ከባዱ የቱ እንደ ሆነ ያውቀዋል።

በ2022 ዓ.ም. በሚዙሪ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ወንዶቹና ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ግቢ ስለ ተሰበሰቡ፣ ሴቶቹ ልዩነቱን በዓይናቸው አዩት፤ እነርሱ ለአለባበሳቸውና ለአካሄዳቸው ሳይቀር ደንብ ሲወጣላቸው፣ ወንዶቹ ግን ዘና ብለው ይመላለሱ ነበር። ለአገረ ገዥነት ተወዳድራ የተሸነፈች አንዲት ተማሪም ብዕርና ወረቀት ይዛ፣ ለወንዶቹና ለሴቶቹ የተመደበው ገንዘብ ስንት ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ጀመረች።