ኮሌራን ክረምት አይወልደውም

አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በተነሳ ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደሆነው ሁሉ፣ አንድ ማብራሪያ ይከተላል፤ የኮሌራ ተህዋሲ በአቃቂ ወንዝና በየቦዩ አድፍጦ ይከርማል፣ ዝናብ ሲጥል ይነሳል የሚል። ሐሳቡ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቻቸው ቪብሪዮ ኮሌሬ የተባለው ይኸው ተህዋሲ እንደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ባለ የባሕር ዳርቻ ውሃ ከጥቃቅን እንስሳት ጋር ተጣብቆ እንደሚኖር አሳይተዋል። ስህተቱ የቤንጋልን ባሕረ ሰላጤ አንስቶ አቃቂ ላይ ማስፈሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ከ45 የአፍሪካ አገሮች በ49 ዓመት የተሰበሰቡ የ1,070 የተህዋሲው ናሙናዎችን ዘረመል መርምሮ ነበር። ወረርሽኞቹ ሁሉ የአንድ ዘር ሐረግ ልጆች ሆነው ተገኙ። ሐረጉ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ቢያንስ 11 ጊዜ ወደ አህጉሩ ገብቷል። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ከእስያ የመጡና ብዙ መድኃኒት የተላመዱ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላም መድኃኒት የሚበግራቸውን ነባሮች ተክተዋቸዋል። ወንዛችን የወለዳቸው ቢሆኑ ኖሮ እስያ ካሉት ጋር ይህን ያህል ባልተዛመዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የመን ላይ የፈነዳውም ዝርያ ከደቡብ እስያ ተነስቶ፣ ምሥራቅ አፍሪካን ረግጦ ነው የተሻገረው። እርግጥ አንዴ የገባ ዝርያ እስከ 28 ዓመት የከረመበት ቦታ አለ፤ ይህን የሚያነሳብኝ ሰው አይፈረድበትም። መክረሙ ግን መፍለቁን አያሳይም።

“እንግዲያው ሰው ከሆነ የሚያመጣው፣ መጪውን እንፈትሽ” የሚሉም አሉ። ጣታቸው ቶሎ የሚያርፈው አዲስ አበባ ባለው ጎጃም በረንዳ ላይ ነው፤ ከጭነት መኪና ጆንያ በሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ላይ። ይህኛው እንዲያውም ይብሳል። ተህዋሲው ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምልክት አያሳዩም፤ ከ1 እስከ 10 ቀን ግን በዓይነ ምድራቸው ያስወጡታል። ኬላ ላይ ማን ይይዛቸዋል? ተህዋሲውን የሚሸከመውም የቀን ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውም ሾፌሩም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ሲገባ የተጠቁት ፈውስ ፍለጋ ከየአገሩ የመጡ ጸበልተኞች ነበሩ።

ከመጪው ሰው ይልቅ መታየት ያለበት እሱ የሚያድርበት የርካሽ አልቤርጎ ጓሮ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ይጠራቀማል፤ ከጀሪካን ወደ ባልዲ ይገለበጣል፤ ከባልዲው ሁሉም በአንድ ጆግ ይጨልፋል፣ ከመጸዳጃው የወጣው እጅ ጭምር። ፈረቃው ሲያልፍ ግፊት ያጣ ስንጥቅ ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ይስባል። ክረምት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ያገነፍለዋል። ስለዚህ ናሙና የሚወስዱ ባለሙያዎች አቃቂ ወርደው ብቻ አይመለሱ፤ ከጉድጓዱም፣ ከቧንቧውም፣ ከባልዲውም ይቅዱ።